ሁለተኛው ገመድ

ከማቀዝቀዣው እስከ መሸጫው መስኮት ሰባት እርምጃ ነው። ምሕረቱ ይህን ያወቀው ልቁጠር ብሎ ሳይሆን እግሩ ዐርፎ ስለማይቀመጥለት ነው። ዳቦ ሰጥቶ ይመለሳል፣ ማቀዝቀዣው ጋ ይደርሳል፣ የሚያነሳው ነገር ሳይኖር ዞሮ እንደገና ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ጆሃንስበርግ ዳር ቮስሎሩስ ካለችው ስፓዛ፣ ከዚያች ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ አራት ዓመታት ደንበኛ ያየው በብረት ፍርግርግ በኩል፣ ያውም ከደረት በላይ ብቻ ነው። ደንበኞቹን በፊታቸውና በእጃቸው አንድ በአንድ ይለያቸዋል እንጂ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያደርጉ ቢጠይቁት አያውቅም።

ሱቁ የአክስቱ ልጅ የፊሊጶስ ነው። ፊሊጶስ በአሥራ አምስት ዓመት ስለሚበልጠው ጋሼ ይለዋል። ከሆሳዕና አስመጥቶ፣ መንገድ ላይ ሲታመም አሳክሞ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ፔፐር እስኪያወጣ ድረስ ወረፋ አብሮት ቆሞ ለዚህ ያበቃው እሱ ነው። ደግ ሰው ነው። ብቻ ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፎበታልና ከዚያ ወዲህ በአንድ ቋጠሮ አያምንም። የጋዙ ሲሊንደር ከግድግዳው ጋር ይታሰራል፤ ደግሞ ከመደርደሪያው እግር ጋር ይታሰራል። የዳቦው ሳጥን በገመድ፣ ገመዱ በሌላ ገመድ። ማሰሩን ለምሕረቱ ያስተማረው በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር፤ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፣ ጫፉ በራሱ ሥር ይገባል፣ ከዚያ በጉልበት ይሳባል። «አንዱን ፈታው እንበል» ይላል ፊሊጶስ፣ «ሁለተኛውንስ?» የምሕረቱ እጅ ይህን ከመልመዱ የተነሳ የገዛ ጫማውን ክር ሳይቀር እንደዚያ ያስረዋል።

ከምሳ በኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኩን ከሩዝ ጆንያ ጋር አስደግፎ ቪዲዮ ይከፍታል። በየስፓዛው ያሉት እኩዮቹ ኳስ ነው የሚያዩት። እሱ የሚያየው ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት በገዛ ጀልባቸው የአውሮፓን ቦዮች እያቋረጡ ሲሄዱ ነው። ጀልባዋ ከእግረኛ አትፈጥንም። ሰውየው መሪውን በሁለት ጣቱ ይዞ ይቆማል፣ ሴትየዋ ልብስ ታሰጣለች፣ ዛፉ ያልፋል፣ ላሙ ያልፋል። ከፊት ኮረብታ ሲመጣ ጀልባዋ ውሃ የሞላ ትልቅ የብረት ገንዳ ውስጥ ትገባለች፤ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፤ ከዚያ ገንዳው ከነውሃው፣ ከነጀልባው፣ ከተሰጣው ልብስ ጋር እንደ ፎቅ ሊፍት ወደ ላይ ይነሳል። ላይ ሌላ ቦይ ይጠብቃቸዋል። ምሕረቱ ይህን ሲያይ እግሩ ዝም ይላል።

የፊሊጶስ ሚስት ትሩፋት እቃ ልታራግፍ ስትመጣ ትስቅበታለች። «የመብራት ፈረቃው ሎድሼዲንግ የሰውን ሊፍት አላሠራ ብሎ፣ አንተ የጀልባ ሊፍት ታያለህ» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። ለማን ያስረዳል?

ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ነጭ ሽማግሌ በአሮጌ ባኪ፣ ጀርባዋ ክፍት በሆነ የጭነት መኪና፣ መጥተው ሁለት ዳቦና ክብሪት ይገዙ ነበር። ሄንድሪክ ይባላሉ፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ እንደ አጎት ቆጥሮ ኦም ሄንድሪክ ይላቸዋል። አንድ ማክሰኞ ዳቦውን እየተቀበሉ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ቀረ። ፍርግርጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን አስጠጉ፤ ገንዳው ላይ እስኪደርስ ድረስ ትንፋሽም አላሉ።

«እኔም አንድ አለኝ» አሉ በመጨረሻ።

ምሕረቱ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎት በአክብሮት ሳቅ አለ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሐሙስ ና አሉት። ሐሙስ ለሱቁ እቃ የሚያመጣበት ቀን ነው፤ ሁለት ሰዓት ቢሰርቅ ማንም ልብ አይልም። ሄደ።

ቦታው ከቮስሎሩስ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ፣ የወርቅ ማዕድን የተወው ቢጫ የአፈር ኮረብታ ሥር ነው። ላይኛው ሜዳ ላይ ድሮ የማዕድን ውሃ የሚሄድበት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ አለ፤ ሸምበቆ በሁለቱም በኩል በቅሎበታል። ቦዩ ሜዳው ጫፍ ላይ ያበቃል። ከዚያ ገደል ነው፤ ሁለት ፎቅ ቤት ቢቆም የሚያህል። ከገደሉ ሥር ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። ኦም ሄንድሪክ ላዩን ከታቹ ያገናኙት በሁለት የብረት ገንዳዎች ነው። ገንዳዎቹ በአንድ ወፍራም የሽቦ ገመድ፣ በአንድ ግዙፍ መዘውር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። መዘውሩ የማዕድን ጉድጓድ መዘውር ነው። ሽማግሌው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማዕድን ቆፋሪዎችን ኬጅ በሚባለው የብረት ሳጥን ከመሬት በታች ሲያወርዱና ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉድጓዱ ሲዘጋ መዘውሩን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ገዙት።

ነገሩ የሚስታቸው ሐሳብ ነበር። አንድ ጊዜ ፈረንሳይ ሄደው ጀልባ ተከራይተው ሁለት ሳምንት በቦይ ላይ ኖሩ። ሲመለሱ ሚስትየዋ ይህ ነገር እዚህ ለምን አይኖርም አለች። ዐሥር ዓመት ፈጀባቸው። ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው እሷ ሞተች። ስድስት ሜትር የምትሆነው አረንጓዴ ጀልባ ጎን ላይ ማርታ ተብሎ የሚስታቸው ስም ተጽፏል፤ ጀልባዋ ግን ሰው ጭና ወርዳ አታውቅም።

ምሕረቱ መጀመሪያ የጠየቃቸው ጀልባዋ ስትገባ ገንዳው እንዴት አይከብድም ብሎ ነው። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። ባልዲ እስከ አፉ ውሃ ሞልተው ሚዛን ላይ አስቀመጡ፤ አንድ ግንዲላ እንጨት ቀስ ብለው አንሳፈፉበት። ውሃው ፈሰሰ፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

«የራሷን ክብደት ያህል ውሃ ገፍታ ታስወጣለች» አሉ። «ኖረችም አልኖረችም ገንዳው ያው ነው።»

«ስትወጣስ?»

«በቦታዋ ውሃ ይገባል።»

ያን ቀን ወደ ሱቅ ሲመለስ ይህ ነገር ሲከነክነው ዋለ። እስከዚያ ድረስ፣ እኔ ከዚህ ብነቃነቅ ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሼ ጉድ ይፈላበታል እያለ ነበር የሚኖረው። ያ ባልዲ ግን ዓይኑ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ በሐሙስ ሆነ። መዘውሩን ግራሶ ቀባ፣ የበሩን ጎማ ቀየረ፣ ሞተሩን ማስነሳት ተማረ። እግሩ እዚያ ሲደርስ የቆመበት ይቆማል። የዚያ አገር ደረቅና ብርዳማ ክረምት ሲገባ ኦም ሄንድሪክ ጉልበታቸውን እያሻሹ ነገሩን አወጡት። ኬፕታውን ያለች ልጃቸው አኔት ቅዳሜ ትመጣለች። ሐሳቧ ቦታውን ሸጣ እሳቸውን ይዛ መሄድ ነው፤ ብቻዎን እዚህ ወድቀው ይገኛሉ ትላቸዋለች። ጀልባዋ ልጅቷን ጭና በደህና ወርዳ በደህና ከወጣች፣ ከግቢው የሚያድርና ሊፍቱን የሚያውቅ ሰውም ከተገኘ ምናልባት ትተዋቸው ይሆናል። በሩ ጋ ክፍል አለ። ደሞዝ አለ። የጀልባ ባለቤቶች ቅዳሜና እሑድ እየመጡ ሊንሸራሸሩ ይችላሉ።

«ትፈልጋለህ?» አሉት።

«እፈልጋለሁ» አለ ምሕረቱ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ከወጣ ስንት ጊዜው።

ሲመለስ ፊሊጶስ ፊቱ በርቶ ጠበቀው። ዛንድስፕሩት በሚባል ሰፈር ጥሩ ቦታ ላይ ሱቅ ተገኝቷል፤ ለምሕረቱ ነው። ተቀጣሪነቱ አበቃ፤ ከእንግዲህ ባለ ሱቅ ነው። አራት ዓመት የጠበቀው ይኸው ደረሰ። እሑድ ትሮይቪል ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎቹ እጅ ይጭኑበታል፤ ቁልፉም እዚያው በጉባኤው ፊት ይሰጠዋል። እንደዚህ ነው የሚደረገው፦ አዲስ ሱቅ ሳይጸለይበት አይከፈትም፤ እጅ ተጭኖበት ቁልፍ የመለሰ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አልታየም።

«እሺ ጋሼ» አለ ምሕረቱ። ቃሉ ራሱ ነው የወጣው፤ አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ቃል አልለመደም። ያን ምሽት ሰባቱን እርምጃ ስንቴ እንደተመላለሰ አያውቅም።

ለትሩፋት ነገራት። ለማንም ካልነገረ የሚፈነዳ መሰለው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ልትይዝለት ተስማማች፤ በአንድ ነገር ግን። «ጋሼህ ከጠየቀኝ አልዋሽም» አለችው። «ካልጠየቀኝ አልናገርም። ደግሞ አንተ ራስህ ሳትነግረው እሑድ እንዳያልፍ። ሰውየው ሱፍ ሊለብስልህ ነው።»

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ የሚቆነጥጥ ነበር። አኔት ጠና ያለች፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ ለጀልባ የማይሆን ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ መጣች። ምሕረቱ ጫማዋን አየው። በቦዩ ላይ ሸምበቆውን እያሻሹ ዐሥር ደቂቃ ሄዱ። ኦም ሄንድሪክ መሪውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ነበር። ቢጫው ኮረብታ ቀስ ብሎ አለፈ። አንዲት ሽመላ ተነስታ ፊት ለፊታቸው በረረች። ምሕረቱ ቪዲዮ ውስጥ የገባ መሰለው።

ገንዳው ውስጥ ሲገቡ ሽማግሌው ወርደው ወደ ሞተሩ ቤት ሄዱ። በሩ ተዘጋ። ምሕረቱ በተማረው መሠረት ጀልባዋን ከገንዳው ቀለበት ጋር በአንድ ገመድ፣ ላላ አድርጎ አሰራት። ጨረሰ። ነገር ግን ላላ ያለ አንድ ገመድ ሲያይ አላመነውም። ዘወር ሲል ከገንዳው ውጪ፣ የቦዩ ዳር ላይ የተተከለውን አጭር የብረት ምሰሶ አየ። ሴት ተሳፍራለች፣ ከሥር ገደል ነው፣ ዛሬ ምንም መሆን የለበትም። ከጀልባዋ ኋላ ያለውን ገመድ ይዞ ወደ ዳሩ ተንጠራራና ምሰሶው ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ፣ ጫፉን በራሱ ሥር አስገብቶ፣ በጉልበት ሳበው። ያኔ ልቡ ዐረፈ። ለሽማግሌው እጁን አውለበለበ።

ሞተሩ ተነሳ። ገንዳው መውረድ ጀመረ፤ ለስለስ ብሎ፣ ልክ እንደ ቪዲዮው። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ። ከዚያ ገመዱ ክርር አለ። ጀልባዋ ጀርባዋ ከምሰሶው ጋር ላይ ቀረ፤ አፍንጫዋ ከገንዳው ጋር ወረደ። የአኔት ቦርሳ ተንሸራትቶ ሄደ፤ እሷም ተከትላው ተንሸራተተችና የብረቱን ዳር ጨበጠች። ምሕረቱ ቋጠሮው ላይ ዘለለ። የፊሊጶስ ቋጠሮ ግን ሲሳብ ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ጥፍሩ ተሰበረ። ከዚያ ኪሱ ውስጥ የሱቅ ካርቶን የሚቀድባት ቢላዋ ትዝ አለችው።

ገመዱ ሲቆረጥ ጀልባዋ ጓ ብላ ወደ ገንዳው ወደቀች። ውሃው በግራና በቀኝ ተገንፍሎ ወደ ገደሉ ተደፋ። ገንዳው ተንቀጥቅጦ ቆመ፤ ሽማግሌው ፍሬን ይዘዋል። ከላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው የተጎዳ ሰው አለ ብለው ጠየቁ። አኔት እስከ ወገቧ ርሳ፣ የለም አለች። ኦም ሄንድሪክ ምሰሶው ላይ የቀረውን የገመድ ቁራጭ አዩት። ጎንበስ ብለው ዳሰሱት።

«ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«አንድ አይበቃም ብዬ።»

ሽማግሌው ቁራጩን ለቀው ቀና አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳወርድ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ኬጁን ከላይ አስሮ ልውረድ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።»

አሁን ችግሩ ሌላ ሆነ። የእነሱ ገንዳ ውሃው በመደፋቱ ቀሏል፤ የታችኛው ገንዳ ስለከበደ ሊፍቱ አልወርድም ብሏል። ከታችኛው ያንኑ ያህል ውሃ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ቧንቧው ያለው ደግሞ እታች ነው። ምሕረቱ ልውጣ ቢል መውጫ የለውም። ስለዚህ ኦም ሄንድሪክ ራሳቸው በጠመዝማዛው መንገድ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ታች መሄድ ጀመሩ። አኔትና ምሕረቱ ከላይም ከታችም ሳይሆኑ ተንጠልጥለው ያዩዋቸው ነበር። ከማዶ የቮስሎሩስ ቆርቆሮዎች በፀሐይ ያብረቀርቃሉ።

ብዙ ቆዩ። አኔት ጃኬቷን ጨመቀች። ነገ ምን ትሠራለህ ብላ ጠየቀችው፣ እንዲሁ ዝምታውን ለመስበር ይመስላል። መዋሸት አላሰኘውም። ነገ ሱቅ እንደሚሰጡት፣ ቁልፉን በጉባኤ ፊት እንደሚቀበል ነገራት።

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«እግሬ የሚያርፈው እዚህ ነው» አላት።

ሴትየዋ እግሩን አየች። ጀልባዋ ላይ በገባው ውሃ ውስጥ ነበር፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፤ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ አባቷን አየች። ቧንቧውን ከፍተው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ውሃው ሲወርድ ይስቁ ነበር፤ ብቻቸውን። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም አለች፣ ለምሕረቱ ይሁን ለራሷ። ሽማግሌው ዳገቱን ለመመለስ ሦስት ቦታ ቆመው ዐረፉ። በሦስተኛው ላይ አኔት ፊቷን አዞረች።

ሐይቁ ላይ ተንሳፍፈው፣ ዞረው፣ በአንድ ገመድ ታስረው ተመልሰው ወጡ። ከጀልባዋ ሲወርዱ አኔት ምሕረቱን ለብቻው ጠርታ ነገሩን አጭር አደረገችው። ቲኬቷ የማክሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት እቃውን ይዞ ከመጣ አባቷን ትታ ትሄዳለች። ካልመጣ አባቷ ከእሷ ጋር ይሄዳሉ፤ ያንን ዳገት ሁለተኛ ብቻቸውን አይወጡትም።

እሑድ ትሮይቪል አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ምሕረቱ ጠዋት በመኪና ሲሄዱ ሊናገር አፉን ሦስቴ ከፍቶ ሦስቴ ዘጋ፤ ፊሊጶስ ከፊት ሱፉን እንዳይጨማደድበት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያዜም ነበርና። ስሙ ተጠራ። ወጣ። ተንበረከከ። ፊሊጶስ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ በጎኑ ቆመ። ፓስተር ጌዴዎን እጃቸውን ዘረጉ፤ ጥላው ራሱ ላይ አረፈ።

«ፓስተር፣ እጅዎን አይጫኑብኝ» አለ ምሕረቱ።

ማይክሮፎኑ ቅርብ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ፓስተሩ ዝቅ ብለው ምን ሆንክ ልጄ አሉት። ወደ ፊሊጶስ ዞረ፤ ቀና ብሎ ለማየት ግን አልደፈረም፣ የሚያየው ጫማውን ነበር። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ የታሰረ። «ጋሼ፣ ሱቁን አልችልም» አለ። «እሺ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ሌላ ሥራ ይዣለሁ።»

ፊሊጶስ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። ያ ከስድብ የከፋ ነበር። ፓስተሩ ግን ሰውን አንበርክከው ባዶውን የሚያስነሱ አይደሉም። ታዲያ ስለ ምን እንጸልይልህ ብለው ጠየቁ። ምሕረቱ ስለ ጀልባ አለ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ፓስተር ጌዴዎን ትንሽ አሰቡ፤ በውሃ ላይ ስለሚሄዱ ሁሉ ጸለዩ። ባሕር በሌላት ጆሃንስበርግ ያን ጸሎት ሲጸልዩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ አጭርም ነበር።

ያን ቀን ፊሊጶስ አላናገረውም። ትሩፋት ግን ስለ ሊፍቱም፣ ስለ ገመዱም፣ ስለ ሽማግሌውም ሁሉንም ለባሏ ስትነግረው አደረች። ሰኞ ጠዋት የፊሊጶስ የራሱ ባኪ ጥሩምባ ሲጮህ ምሕረቱ ማመን አቃተው፤ ፊሊጶስ ፍራሹንና ሻንጣውን ጭኖ፣ በአዲስ ገመድ አስሮ ጨርሷል። መስኮቱ ላይ የትሩፋት ወንድም ሀቢሶ ቆሞ ነበር። አንዲት ሴት መጥታ በሰፈሩ ሰላምታ፣ «ሳውቦና ማይ ፍሬንድ፣ አንድ ዳቦ» አለችው፤ ለምሕረቱ በየማለዳው ትለው በነበረበት በዚያው ድምፅ። ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ምሕረቱ ያን ባልዲ አሰበ፤ መኪናው ውስጥ ገባ።

ግማሽ መንገድ ተጓዙ።

«ምሰሶው ላይ ስንት ጊዜ ጠመጠምከው?» አለ ፊሊጶስ ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ሦስት።»

«ጫፉንስ?»

«በራሱ ሥር።»

ፊሊጶስ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ነው ያስተማርኩህ ማለቱ ይሁን፣ እንዲህ ነው ያጠፋሁህ ማለቱ፣ ምሕረቱ አልለየለትም።

ኦም ሄንድሪክና አኔት በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ፊሊጶስ ወርዶ ለሽማግሌው ሁለት እጁን ሰጠ፤ ከዚያ ፍራሹን ሊፈታ ሄደ። አልተፈታም። ከአንዱ ጎን ሞከረ፣ ዞሮ ከሌላው ጎን ሞከረ፣ በጥርሱ ሞከረ። ምሕረቱ ሊያግዘው ቀረበ፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው አንድ ቋጠሮ ላይ ጣታቸውን ላጡ። ሰዎቹ እያዩ ነው። የፊሊጶስ ግንባር አላበው። ምሕረቱ በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ሰው የገመድ ቁራጭ ሲጥል እንኳ አይቶ አያውቅም።

ፊሊጶስ ቀና አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ያቺን ቢላዋ አምጣት» አለ።

«ጋሼ፣ አዲስ ገመድ እኮ ነው።»

«ቁረጠው።»

ቆረጠው። ፊሊጶስ ሁለቱን ቁራጭ ሰብስቦ ክርኑ ላይ ጠምጥሞ ከመቀመጫው ጀርባ አስቀመጠ። ሞተር አስነስቶም አልሄደም። በሸምበቆው በኩል አሻግሮ ወደ መዘውሩ ሲያይ ቆየ።

«ጀልባዋ ስንት ሰው ትይዛለች?»

«አራት።»

«ለትሩፋት እንዳትነግራት» አለ፤ «ከነገ ጀምሮ መውጫ መግቢያ ታሳጣኛለች።»

ባኪው አቧራውን አስነስቶ ወደ ቮስሎሩስ ዞረ። ምሕረቱ ፍራሹን እንደተሸከመ አየው፤ ከዐይኑ እስኪጠፋ ግን አልጠበቀም። ከቦዩ በኩል ሽማግሌው ቀድመው ሄደው የሚያስነሱት የማርታ ሞተር ሁለቴ አስሎ ተነሳ፤ እግሩም ቀድሞት መሄድ ጀምሮ ነበር።